ጤነኛው ሰፈራችን

በእኛ አገር «ጤናዎ እንዴት ነው?» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወገቡ የጎበጠውም፣ ከአልጋ መነሣት ያቃተውም ይህንኑ ይላል። ሕመምን በገዛ አፍ መዘርዘር አምላክን ማማረር ይመስለናል። እኔ ደግሞ ድሮም ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት ልጅ ደጄን አንኳኳች። የደብረ ታቦር ጭቃ ጫማዋን ሁለት እጥፍ አድርጎታል። አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ታብሌት አለ። የጤና መድን ያለው ማን እንደሆነ፣ ሰዉ በምን በምን እንደሚታመም ለመንግሥት መረጃ እየሰበሰበች መሆኗን ነገረችኝ። ግቢ አልኳት።

ቤት ውስጥ ጎረቤቴ ነበረች። ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ጓደኛሞች ነን። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላን ነበር። ሥጋ ቢለያየንም ድንች ለያይቶን አያውቅም።

«እማማ፣ የጤና መድን አባል ነዎት?» አለች ልጅቱ።

«ነኝ።»

«ባለፈው ወር በመድኑ ታክመዋል?»

«ታክሜያለሁ።»

«ምን አምዎት ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።»

ጣቷ ታብሌቱ ላይ ቀረ። «እማማ፣ እምቢ አለኝ እኮ። ሳይታመሙ እንዴት ታከሙ ይላል።»

ጎረቤቴን ድንቹ ትን አላት። «ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አጠገቤ የነበረችው መንታሽ ናት?» አለችኝ።

«አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«እኔማ አልሐምዱ ሊላህ፣ ምን ሆኜ!»

«ስኳር አለባት ልጄ» አልኳት ልጅቱን። «ለሐኪሙ ጣፋጭ እተዋለሁ ብላ ምላ ወጥታ፣ ሻይዋን በስኳር ነው የምትጠጣው።»

«የእሷን ጻፊ! ደም ግፊት ነው! ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወድቃ፣ ሰዎች ሊያነሷት ሲመጡ ‹ተዉኝ፣ እየሰገድኩ ነው› ያለች ሴት ናት!»

«ኧረ እቴ! ማን ነገረሽ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ?»

ሳቅ ብዙ አይቀናኝም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ብጎሰጉስም አልቆመልኝም። ጎረቤቴም ግድግዳውን ይዛ ትንፋሽ ታጣለች። ልጅቱ ብቻ አልሳቀችም።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«መንገዱን ሙሉ ጠይቄ ሁሉም ደኅና ነኝ ነው ያሉኝ። ሱፐርቫይዘሬ ትናንት ‹ሰፈሩ እንዲህ ጤነኛ ከሆነ ጤና ጣቢያውን የሚያጨናንቀው ማን ነው?› አለኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሞላሁት መስሎታል። ዛሬም እንዲሁ ይዤ ከገባሁ ከሥራው ያስወጣኛል።»

«ይኸው ነገርንሽ አይደል፤ ጻፊያ!» አለች ጎረቤቴ።

«አይቻልም። የሚጻፈው ሰው ስለራሱ የሚናገረው ነው። የጎረቤት ቃል አይሆንም።»

የሌላውን ሕመም ስናወራ እንደዚያ የተፈታ ምላሳችን፣ የራሳችን ሲሆን ታሰረ። ሁለታችንም ድንቹን ስናይ ልጅቱ ታብሌቷን ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች።

«ቆይ» አልኳት። «ደም ግፊት አለብኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ታብሌቱ ተቀበለ። ምስጋናው ሳይጎድል ሕመሙም መነገር እንደሚችል ያኔ ገባኝ።

«ጉልበቴን ያመኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግራ ዓይኔ ጭጋግ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሌላስ እማማ?»

«የጎረቤት ምላስ አለ፤ እሱን መድኑ አይሸፍነውም።»

ጎረቤቴ ብድግ አለች። «ነይ ወደ ቤቴ ልጄ፤ ድፍረቱ ሳይበርድብኝ ልናገር!» ብላ ልጅቱን እየጎተተች ወጣች። «ስኳር፤ አልሐምዱ ሊላህ!» ስትል ድምፅዋ ከበሩ ሳትርቅ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ዘዴውን ያዘች። ያለፈቻቸውን ቤቶች እንደገና እያንኳኳች «መጀመሪያ አብረን እናመስግን፤ ከዚያ ይነግሩኛል» ትላለች። ከአጥሬ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጆሯቸው ስለሚከብድ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስላቸዋል። «ኪንታሮት! ተመስገን!» ብለው ሲጮኹ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ቆሞ ሳቀ።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ መጣ። ልጅቱ ከኋላው ቆማለች።

«እማማ፣ ይህ ሰፈር በአንድ ቀን ምን ነካው? ወረርሽኝ ገባ እንዴ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅም፣ «ለመሆኑ የእርስዎ ጤና እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ወደ እሷ ዞር ማለት ሲጀምር፣

«ወዴት ትዞራለህ፣ አልጨረስኩም» አልኩት። «ደም ግፊት አለብኝ። ጉልበቴንም ያመኛል። ተቀመጥ፤ ዓይኔ ገና ነው።»

ተቀመጠ። ልጅቱ ከኋላው ሆና አፏን በታብሌቷ ሸፍና ትስቃለች። ሥራዋን እንደያዘች ቀረች። እኔም የዓይኔን ነገር ሰፋ አድርጌ ነገርኩት፤ ድንችም አቀረብኩለት።