ከሹማምንቱ ሰሌዳ ፊት

በፈረንጆች 2019 የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ። በስደት በምኖርበት ከተማ መሃል፣ አንድ ካዚኖ የሚሉት ቁማር ቤት ውስጥ የጥንት የቻይና ዕቃ የሚታይበትን ክፍል እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ወንበር ሳነሳ እግሩ የመስታወቱን ሳጥን መታና ሰነጠቀው። ቢያባርሩኝ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

በሳጥኑ ውስጥ ቀጭን የዝሆን ጥርስ ሰሌዳ አለች። ክፍሉን የምታጸዳው ያገሬ ልጅ አጠገቧ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበችልኝ።

«አባባ፣ ይቺን የድሮ የቻይና ሹማምንት ናቸው ንጉሡ ፊት የሚይዟት። የትልቁ ሹም የዝሆን ጥርስ፣ የትንሹ እንጨት ነው። የሚናገሩት እንዳይጠፋባቸው ይጽፉባታል።»

«ሹምም ይፈራል እንዴ?»

«እርስዎ ብቻ ነዎት የሚፈሩት?» ብላ ሳቀችብኝ። «የክፍሉ ካሜራ አላየዎትም ይሆናል፤ ዝም ይበሉ።»

«ዝም አልልም። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

ግን አለቃዬ ፊት ስቆም እንግሊዝኛው ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ከጫማ ካርቶን ቀደድኩና «መስታወቱን ሰበርኩት» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠይቄያት የነገረችኝን በአማርኛ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ካርቶኔን እንደ ሹማምንቱ በሁለት እጄ ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና «አይ ብሮክ ዘ ግላስ» ብዬ አነበብኩ።