እታለምና የባቡሩ ችካል

እታለም ጭቃውን በሁለት እጇ እየዘገነች ጎተራዋን ትመርግ ነበር። ጭቃውን ከእበትና ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሳ ሁለት ቀን ስላሳደረችው እንደ ሊጥ ይሳባል። ስንጥቁን በአውራ ጣቷ እየደፈነች፣ ላዩን በመዳፏ እያለሰለሰች ሳለ ጎረቤቷ እጅጉ በታችኛው ማሳ በኩል መጣ። ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም።

«የእህትሽ ልጅ ሰንሰለት ሲጎትት አየሁት» አላት።

«የምን ሰንሰለት?»

«የቀላድ ነዋ። ከፈረንጁ ኋላ ኋላ እየሄደ የኔን ማሳ ሲለካ ዋለ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንመክርበታለን። ኋላ አልነገርከኝም እንዳትይኝ ብዬ ነው።»

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነበር። ቀላድ የመሬት መለኪያ ነው። በዚያ ዓመት ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀላድ ነበር። ቀላድ የገባበት አገር ርስቱ ይጠፋል፣ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ መሬት ወረቀት ለያዘ ይሆናል ይባላል። መለኪያ የያዘ እንግዳ በሰላም የሚያልፍበት ጊዜ አልነበረም።

የእህቷን ልጅ ክንዱን እናቱ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ተቀብላ ያሳደገችው እታለም ናት። አሁን ሃያ ሁለት ሞልቶታል። ባለፈው ቅዳሜ ከቡሬ መጥቶ ሥራ ማግኘቱን ሲነግራት ደስ ብሎት ነበር። ወደ ሱዳን የሚሄድ የባቡር መንገድ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው የቀጠሩት። እታለም ባቡር ታውቃለች። ድሬዳዋ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር ሟቹ ባሏ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ቤቱ ቁርሱን በልቶ ማታ ጂቡቲ ያድርና በቆርቆሮ ቴምር ይዞላት ይመለሳል። ስለዚህ ክንዱ ሲነግራት አልደነገጠችም፤ በርታ ብላ መርቃ ሸኘችው። አሁን እጇ ላይ ጭቃው ሲደርቅ ያ ምርቃት ትዝ አላት።

በማግሥቱ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ወንዶቹ ከቅዳሴ ወጥተው ለኪዎቹን ስለ መግደል ሊመክሩ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። ሴት በዚያ ሸንጎ አትናገርም። ነገር ግን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ሳይሰሙ መመለስ ነውር ነው። እታለም የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ መጣች።

«አውርጅው እታለም» አሉ ቀኛዝማች ሃይለ ሚካኤል። የሸንጎው ታላቅ እሳቸው ነበሩ።

«ሳይሰሙኝ አላወርድም ጌታዬ። ክንዱንና ጓደኞቹን አትንኩብኝ። ቀላድ አይደለም፣ ባቡር ነው።»

ከኋላ አንዱ «ድሬዳዋ ባቡር ነድታ ነበር አሉ» አለና ሰዎቹ ሳቁ።

«አልነዳሁም። ከሐዲድ ላይ የሚመጣ ሸሚዝ ግን ዘጠኝ ዓመት ከነዘይቱ አጥቤያለሁ» አለች። ቀና ማለት ስላልቻለች የምታየው እግራቸውን ብቻ ነበር። «እስቲ እጅጉን ልጠይቀው። ቀላድ ምን ይለካል?»

«እርሻ ነዋ።»

«ገደል ይለካል?»

«ገደሉን ማን ሊያርሰው?»

«እንግዲያው ሂዱና እዩ። ባንተ ማሳ የገባው ችካል ዙሪያውን አልዞረም። ግራና ቀኝ ያለውን ለም ዋልካ ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ወርዷል። እታች ጥቁሩ አለት ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል። ቀላድ ለም ለሙን እየዞረ ይለካል። ባቡር ግን ቶሎ መታጠፍ አይችልም፤ መንገዱ አለትም ይሁን ጤፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»

ማንም አልሳቀም። እጅጉ «ቀጥ ቢልስ? የኔን ማሳ ነው ለሁለት የሰነጠቀው» አለ።

«የኔንም ሰንጥቆታል» አለች። «እሱን በአቤቱታ እንከራከራለን። በደም አይደለም።»

ቀኛዝማች ተነሥተው ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱላት። «ነገርሽ ሚዛን አለው» አሉ፤ «ቃል ብቻውን ግን አይበቃም። ነገ ቡሬ ሂጅና ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቀላድ እንዳልሆነ የሚናገር፣ ማኅተም ያለው ወረቀት አምጭ። እስከ ነገ ማታ ጥይት አይተኮስም።»

እታለም ጎህ ሲቀድ ተነሣች። ፈጣም ወንዝ ዳር ስትደርስ ከመሻገሪያው በላይ ካለው ድንጋይ ጀርባ እጅጉን ከሁለት ወንድሞቹ ጋር አገኘችው።

«እስከ ማታ ተብሎ አልነበረም?» አለችው።

«ተብሏል። ወረቀትሽን አምጭና እንሄዳለን።» ዐይኑን ከወንዙ አላነሣም። «ቀድመውሽ ከተሻገሩ ግን ቃል አልገባልሽም። ማሳው የኔ ነው፤ የቀኛዝማች አይደለም።»

አጥኚዎቹ ድንኳናቸው ከወንዙ ወዲያ ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሲሆን በዚያው መሻገሪያ ይመጣሉ። እታለም ውኃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ተሻገረች። ዳገቱን ስትጨርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ቡሬ፣ ግራው ወደ ድንኳኖቹ። እዚያ ቆመች። ቡሬ ደርሳ እስክትመለስ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ደግሞስ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱ ለማን አስፈለገ ቢላት ምን ትላለች? ከዋሸች አይሰጣትም። እውነቱን ከተናገረች ፖሊስ ይመጣል፤ ፖሊስ ከመጣ እጅጉ ይተኩሳል። በሁለቱ መካከል ክንዱ አለ። ይህን ትናንት ከሾላው ሥር አላሰበችውም ነበር።

ወደ ግራ ሄደች።

ክንዱ ሰንሰለቱን በዘይት ሲወለውል ደረሰች። ከአዲስ አበባ የመጣው አለቃቸው ኮርቻ እየጫነ ነበር።

«ዛሬ በፈጣም አትሻገሩ» አለችው። «ነገም አትሻገሩ። ሌላ አልናገርም።»

አለቃው ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «ማን ነው ያለው እማማ? ስሙን ይንገሩኝ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እጅጉ ክፉ ዓመት ሲመጣ ዘር ያበደራት ሰው ነው፤ ልጆቹን እሷ ናት ያዋለደቻቸው። ደግሞ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው እሱ ነው።

«ስም ካልነገሩኝ ሥራ አላቆምም» አለ አለቃው። «ከማዶ ገና አሥራ ሁለት ችካል ይቀረናል።»

ክንዱ ሰንሰለቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አክስቴ እንዲያው በከንቱ ይህን መንገድ አትመጣም። እኔ አልሻገርም ጌቶች።» ሁለቱ በቅሎ ጫኞችም ጭነታቸውን አወረዱ። አለቃው ሁሉንም በየተራ አያቸው፤ ከዚያ ፈረንጁ ወዳለበት ድንኳን ገባ። ውስጥ ብዙ ተነጋገሩ። ሲወጣ ደብተሩ በእጁ አልነበረም። «ድንኳን ንቀሉ» አለ።

በእንጅባራ መንገድ ሲሄዱ ክንዱም አብሯቸው ሄደ። ቀላድ ጎታች ከተባለ ወዲህ ለጊዜው ወደ መንደር መመለስ አይችልም፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ያውቁታል። ነጠላዋን ፈታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። እሱም ጉልበቷን ስሞ ከበቅሎዎቹ ኋላ ገባ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የመጣላት ከድሬዳዋ ነው፤ እሱም ሐዲድ ላይ ተቀጥሮ።

ወንዙ ላይ እጅጉን «ሄደዋል፤ ውጣ» አለችው። መጀመሪያ አላመናትም፤ ዳገቱን ወጥቶ ባዶውን ሜዳ አይቶ ነው የተመለሰው።

ማታ ቀኛዝማች «ወረቀቱስ?» አሏት።

«ነገ እሄዳለሁ ጌታዬ።»

በማግሥቱ ገብስ ስታበጥር ዋለች። በሳምንቱም አልሄደችም። ቀኛዝማች ባገኟት ቁጥር «እታለም፣ ያ ወረቀት» ይሏታል፤ እሷም «እሄዳለሁ» ትላለች። እሳቸውም አይቆጧትም። ቡሬ ገበያ ስንት ጊዜ ወጥታ ገብታለች፤ ወረቀቱ ለማን አስፈለገ እንዳትባል ግን በዚያ ጽሕፈት ቤት በር ገብታ አታውቅም።