ኮምፒውተሩ አዴ ጫልቱን አላገኛቸውም

የአዴ ጫልቱ ስም ዛሬ ጠዋት በክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ተገኝቷል።

ትናንት ግን የለም ተብሎ ነበር...

አዴ ጫልቱ ከሲሬ የመጡ እናት ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ነቀምቴ የሚቆየው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። የተመዝጋቢነት ካርዳቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ ነርሷ በስማቸው ፈለገቻቸው። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለ። ደጋግማ ብትጽፍም መልሱ ያው ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ተራቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እኔ የምኖረው የኮምፒውተር ፕሮግራም በመሥራትና በመጠገን ነው። ከሰዓት በኋላ ተጠርቼ ስደርስ አዴ ጫልቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። «አካም ኦልታን» ብዬ እንዴት እንደዋሉ ስጠይቃቸው ድምፄን ተከትለው ዞሩ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ምን አድርጌው ነው የረሳኝ?»

ሄጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

መዝጋቢዋ ደራርቱ በእጄ ነው የመዘገብኳቸው ብላ ትምላለች። ነርሷ ደግሞ ታዲያ የት ሄዱ ትላለች። ሁለቱ ሲነጋገሩ የተመዘገቡትን ስሞች ከፍቼ በዓይኔ ፈለግሁ። አዴ ጫልቱ አሉ። ስማቸው ከዳር እስከ ዳር በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በትልልቁ ተጽፏል። ነርሷ ስትፈልጋቸው በትንንሹ ነበር የጻፈችው። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለዚያ ፕሮግራም ግን ትልቁና ትንሹ ፊደል የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በፊት እንደሳቸው ጠፍተዋል የተባሉ ሌሎች ሰዎችንም ስም አየሁ። ሁሉም በትልልቁ የተጻፉ ናቸው። ሁሉም ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። ከወጣቶቹ አንድም የጠፋ የለም...

ደራርቱን ጠራኋትና ለምን በትልቁ እንደምትጽፋቸው ጠየቅኋት። ጥያቄው ራሱ ገረማት።

«ለአዴማ እንዴት በትንሹ እጽፋለሁ? እናቴ ይሆናሉ እኮ።»

ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበሯ እንደምትነሳው ሁሉ ስማቸውንም በትልቁ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን መንገድ ነው። አንድ ስም በተፈለገ ቁጥር ፕሮግራሙ የተመዘገበውን ሁሉ በትንንሽ ፊደል እየገለበጠ እንዲያወዳድር አደረግሁ። አዴ ጫልቱ ተገኙ። ግን ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ስሙ የዓመታት ነው፤ እያንዳንዱ ፍለጋ ተጎተተ፣ ሰልፉም ቆመ። ነርሷ አንገቷን አስግጋ፣ ትናንት አይገኙም ነበር፣ አሁን ደግሞ እስኪገኙ ያረጃሉ አለችኝ።

እውነቷን ነው። መንገድ ላይ ካለችው አኖ ከተማ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ተሳፋሪውን ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ አያስለብስም። ፊት እያየ ያልፋል። ወዲያው ፕሮግራሙን እንደዚያ አስተካከልኩት። ቅጂ ሳይሠራ ፊደል በፊደል ያያል፤ ትልቁንና ትንሹን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ፊደል ካልገጠመ እዚያው ትቶት ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። አብዛኛው ስም የሚወድቀው በመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ ፍለጋው ወዲያው ያልቃል።

ደራርቱ ቀስ ብላ መጥታ ከእንግዲህ በትንሹ ልጻፍ ወይ አለችኝ። እንደለመድሽው ጻፊ አልኳት።

አዴ ጫልቱ ትናንት ነቀምቴ ዘመድ ቤት አድረው በጠዋት ተመልሰው ነበር። የጠፉት አስበልጠው ስለጻፏቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«ዓይኔ ይብራ እንጂ በትንሹም ይጻፉኝ» አሉ።

ነርሷ የሆነውን ለሐኪሙ ነግራዋለች። ተራቸው ስላለፈ በመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ፣ ሊያስገባቸው ይችል እንደሆነ ሐሙስ ማታ ይወስናል።