ያልተሰበሩት ፍላጾች

ሂርባዬ ዳባሶ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በየቀኑ ሰማዩ ሳይቀላ ይነሣሉ፤ ከትናንት የተረፈ የበቆሎ ገንፎ በሻይ ይበላሉ፤ የጎማ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በጋላና ወንዝና በመንደራችን መካከል ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። የሽቦ ወጥመድ ካገኙ ይፈታሉ፤ ዱካ ካገኙ ያነባሉ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ተመልሰው ያዩትን ይነግሩኛል፤ ጸሐፊያቸው እኔም በመዝገብ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ይተኛሉ። እሑድም እንዲሁ ነው።

የሚሄዱት ብቻቸውን አይደለም። ሰልፉ ስምንት ሰው አለው፤ ስምንቱም በአንድ ወቅት ዝሆን ያደኑ ወይም አውሬ ያጠመዱ፣ ከጥንት በአደን የኖረው ሕዝብ የዋታ ሰዎች ናቸው። ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ አንዱ የሌላውን ፉጨት በሚሰማበት ርቀት ይራመዳሉ። አባቶቻቸው ዝሆን ሲያስሱ የሚሰለፉት እንዲሁ ነበር፤ እግሩ ያው እግር፣ ፉጨቱም ያው ፉጨት ነው፤ የተለወጠው የሚፈለገው ነገር ነው። በሂርባዬና በጎረቤታቸው በኤሌማ መካከል ያለው ርቀት ግን የሌሎቹ እጥፍ ነው፤ አንድ ሰው የሚቆምበት ያህል። የሰልፉ ትንሹ ሞሉ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ በዚህ ክፍት ቦታ መቀለድ ይወዳል።

«ሁለቱ ሽማግሌዎች ተኳርፈው መሆን አለበት፤ እዚያ መሃል ጎሽ ከነጥጃዋ ታልፋለች» ይላል።

«ቦታው ባለቤት አለው» ይሉታል ኤሌማ። «አንተ ፈስህን ያዝና የራስህን እግር ተመልከት።»

ሰልፉ ሲመሠረት፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሁሉም አንድ ነገር ማሉ። ወጥመድ የዘረጋ ወይም ፍላጻ የወረወረ እጅ፣ የልጅም ይሁን የወንድም፣ ቅዳሜ በመንደሩ መጋዘን ጥላ ሥር በሁሉም ፊት ይጠራል፤ ከዚያም ለአራዊት ፓርኩ ጠባቂዎች ይሰጣል። እስከ አሁን አራት ስም ተጠርቷል። አንዱ የሞሉ የሚስቱ ወንድም ነበር። ስድስት ዓመት ታስሮ ወጥቷል። «ሚስቴ እስከ ዛሬ ገንፎዬ ላይ ጨው አታደርግም» ይላል ሞሉ፤ ይህን ሲናገር ግን አይስቅም።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ሰልፉ የአንድ ትልቅ ወንዴ ዝሆን ዱካ አገኘ። የኋላ ግራ እግሩን ይጎትታል። ሂርባዬ ተንበርክከው አሸዋውን በመዳፋቸው ለኩ፤ ዝሆኑ በየመቶ እርምጃው መቆሙን አሳዩ። «ሳር አልነካም» አሉ። «ይሄ መንገደኛ ነው።» እንዲህ ሲሉ ሊሞት ነው ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

በማግሥቱ ደረሱበት። ደረቅ ወንዝ ዳር በጎኑ ተኝቷል። ሁለቱም ጥርሶቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ሰልፉን ያስጨነቀውም ይህ ነው። ዝሆንን ለጥርሱ ካልሆነ ማን ይገድለዋል? እንደ ልማዳቸው እያንዳንዳቸው እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሬሳው ላይ አኖሩ። ዓይናቸው የደከመው ኤሌማ ቅርንጫፋቸውን አኑረው ጎኑን ሲዳብሱ፣ እጃቸው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። የፍላጻ ራስ ነበር፤ አንገቱ ላይ የተጠቀለለው የፍየል ቆዳ ገና አልበሰበሰም። በቆዳው ውስጥ እንደ ሬንጅ የጠቆረ የመረንዝ ዛፍ መርዝ አለ፤ ከቆዳው በላይ ደግሞ በእሳት የተተኮሰ ምልክት ይታያል፤ ሦስት አግዳሚ መስመር፣ ከሥራቸው የቆቅ እግር።

ዋታ ያለ ምልክት ፍላጻ አይሠራም። ብዙ ሰው በወጋው ዝሆን ላይ ጠብ እንዳይነሣ ምልክቱ ይፈርዳል።

«የማን ነው ይሄ?» አለ ሞሉ። «እኔ አይቼው አላውቅም። አባ ሂርባዬ፣ እርስዎስ?»

«አላውቀውም» አሉ ሂርባዬ።

«አባ ኤሌማ?»

ኤሌማ አውራ ጣታቸውን በምልክቱ ላይ ሁለት ጊዜ አመላለሱ። «ዓይኔ ካየ አሥር ዓመቱ። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ለማር ሲሆንማ ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ አሽትተው ይነግሩናል።»

«ይሄ ማር አይደለም» አሉና ፍላጻውን ለሞሉ ሰጡት።

ከቀትር በፊት ምልክቱን በመዝገቡ ላይ ሣልኩት፤ ከጎኑም «ባለቤቱ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ መዝገብ ላይ በእጄ የሰፈረ የመጀመሪያው ሐሰት ይህ ነው፤ ሐሰት መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር።

ምልክቱ የቦናያ ነበር። ቦናያ የሂርባዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት ላይ ስለቆመ አንቱ ልለው አልቻልኩም። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ሂርባዬ የሃያ አንድ ዓመት ጎልማሳ ሳሉ፣ ፍላጻቸው አልቆባቸው ከወንድማቸው አንድ ተውሰው ወጡ። በዚያችም ፍላጻ አንድ ዝሆን ጣሉ። በማግሥቱ ጠባቂዎች አሞራ ተከትለው ሬሳው ዘንድ ደረሱ፤ ፍላጻዋን ነቅለው ወደ መንደር መጡና ሰውን ሰብስበው «የማን ናት?» አሉ። ቦናያ በዚያ ቀን ከቤቱ አልወጣም ነበር፤ ልጁ ጂሎ ከተወለደ ገና ሁለት ወሩ ነው። በፍላጻ ሕግ ግን የተዋስከው ፍላጻ የገደለው አውሬ የባለ ምልክቱ ነው። ቦናያ አላመነታም። «የእኔ ናት» አለ። ሂርባዬ ከወንድማቸው አንድ ክንድ ርቀው ቆመው ነበር። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በስምንተኛው ወር እስር ቤት ውስጥ በንዳድ ሞተ፤ ሬሳውም አልመጣም።

አዳኝ ሲሞት ወንድሙ ፍላጾቹን በመቃብሩ ላይ አንድ በአንድ መስበር አለበት፤ ያለዚያ ምልክቱ ከባለቤቱ በኋላ ማደኑን አይተውም ይባላል። ቦናያ መቃብር አልነበረውም። ስለዚህ ሂርባዬ ከመንደሩ ወዲያ ባለው የሁመር ዛፍ ሥር ባዶ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በሬሳው ፋንታም የወንድማቸውን የፍላጻ ኮሮጆ፣ አፉን በሰም ደፍነው፣ አሥራ ሁለት ፍላጾች እንደያዘ ቀበሩ። አንዱንም አልሰበሩም። «ስብርባሪ ቀብሬ ይሄ ወንድሜ ነው ማለት አቃተኝ» ብለውኛል።

ረቡዕ ከሰልፉ ሲመለሱ ወደ ዛፉ ሄዱ። ኤሌማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀድመዋቸው ተቀምጠው ነበር። በግንዱ ሥር ሰው የሚያስገባ ጉድጓድ ተከፍቷል።

«አዋልድጌሳ ነው» አሉ ኤሌማ። «ምስጥ በሊታው አውሬ ቆፈረ፤ ሰው ወሰደ።»

«ምልክቱን በጣትህ እንዳወቅከው አውቄያለሁ» አሉ ሂርባዬ።

«አንተ በዓይንህ አይተህ የካድከውን እኔ በጣቴ ልመስክር? ይልቅ እዚህ ዛፍ ሥር ማን እንደሚመጣ ንገረኝ።»

«ልጁ ጂሎ።»

«ልጁ» አሉ ኤሌማም። «ዝሆኑ እርሻውን በላበት። ስማኝ፣ ሕጉን ረሳኸው እንዴ? ምልክት ለወንድም እንጂ ለልጅ አይወርድም። ፍላጻው የቦናያ ከሆነ ያንተ ነው፤ ዝሆኑም ያንተ ነው። ቅዳሜ ተነሥተህ ‹የእኔ ነው› በል፤ አለቀ። እንዳንተ ያለውን የጃጀ ሽማግሌ ማን ያስራል? ደግሞ ውለታውን መለስክ ማለት ነው።»

ሂርባዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። ከውስጡ ቀዝቃዛ የአፈር ሽታ ይመጣ ነበር። ወንድማቸውን ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ባዶ ጉድጓድ ሲያስቡት የኖሩ ሰው፣ አሁን በእርግጥ ወጥቶ እንደሄደ ተሰማቸው።

«ያን ቀን አንተም ነበርክ፣ ኤሌማ።»

«ነበርኩ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ይጠበቅ የነበረው ያንተ አፍ ነው» አሉ ኤሌማ። «የእኔ አይደለም።»

ሐሙስ ሂርባዬ ጂሎ እርሻ ደረሱ። ጂሎ ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የተረገጠ የበቆሎ አገዳ እየነቀለ ይከምር ነበር።

«ይቀመጡ አባ» አለ ቀና ሳይል። «ጥላ የለም እንጂ። ጥላውንም ዝሆን በልቶታል።»

«ኮሮጆው የት ነው?»

ጂሎ በአገጩ ወደ ጎጆው አመለከተ። «ጣራው ሥር። አሥራ አንዱም አሉ።»

«ለምን?»

«ለምን ይሉኛል? ቆርቆሮ መታሁ፤ በርበሬ አጨስኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ለእናንተ ሰልፍ ነገርኩ። ‹መዝግበናል› አላችሁኝ። መዝገብ ይበላል እንዴ?»

እውነቱን ነው። ሦስቱንም ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑና የተበላው መደብ ብዛት ሳይቀር አለ።

«ጥርሱን አልነካሁም» አለ ጂሎ። «ቢያንስ ይሄ ይጻፍልኝ።»

«ሦስት ቀን ፈጅቶበት ነው የሞተው፣ ልጄ። መርዙ አርጅቷል። ሲወድቅ ሲነሣ ከዚህ እስከ ደረቁ ወንዝ ሄዷል።»

ጂሎ አገዳውን ጣለ። «የአባቴ ፍላጻ መቶ እርምጃ አያስኬድም ሲባል ነው የሰማሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ያን የታሰረበትን ዝሆን ሲወጋ...»

«አባትህ ያን ዝሆን አልወጋም።»

ከዚያም ነገሩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ረጅም ይሆናል ብለው ይፈሩ ነበር፤ አምስት ስድስት ቃል ሆኖ አለቀ። ጂሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አንዱን ጠርጎ እንደገና ሌላውን።

«እናቴ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«እሺ» አለ። ጎንበስ ብሎ የጣለውን አገዳ አነሣና ክምሩ ላይ አኖረው። «ቅዳሜ ምን ሊሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እንጃ።»

«ልጆቼ አራት ናቸው፣ አባ።»

«ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ሂርባዬ፤ ኮሮጆውን ከጣራው ሥር አውርደው ሄዱ።

ትናንት ዓርብ እንደ ወትሮው ሰልፉ ወጣ። ሞሉ እንደነገረኝ ሂርባዬ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ስምንተኛው ካፏጨ በኋላ አንገታቸውን ለወንድማቸው ወደተተወው ክፍት ቦታ አዘንብለው አዳመጡ። ሞሉ ሊቀልድ አስቦ ተወው። ወደ እኔ ሲመጡ ኮሮጆው በትከሻቸው ነበር። መዝገቡን አስከፈቱኝ፤ እስከ አሁን የጻፍኩትን ሁሉ ነገሩኝ።

«ያን ‹ያልታወቀ› ያልሽውን ሰርዢው» አሉ።

«በምትኩ ምን ልጻፍ?»

«የፍላጻውን ባለቤት ጻፊ። ሂርባዬ ዳባሶ። የወረወረውን እጅ ቦታ ክፍት ተዪው።»

«አባ ኤሌማ እንዳሉት ሁሉን በራስዎ ላይ ሊወስዱ ነው?»

ጣታቸውን በኮሮጆው ሰም ላይ አኖሩ። ሰሙ ላይ የአዋልድጌሳው ጥፍር መስመር ይታያል። «ቦናያ ትንሽ ቢቆይልኝ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ሃምሳ ዓመት ኖርኩ» አሉ። «እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቀውም። በየጠዋቱ ነው የምጠይቀው። ጂሎ እንዲህ ሆኖ እንዲያረጅ አልፈልግም።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰዎች ወደ መጋዘኑ መምጣት ጀምረዋል። ሂርባዬ የወሰኑት ይህ ነው። አሥራ አንዱን ፍላጾች በሁሉም ፊት በጉልበታቸው ይሰብራሉ፤ «ፍላጻው የእኔ ነው» ይላሉ፤ ከዚያም ዝም ይላሉ። ወደ ጂሎ አይመለከቱም። አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ይጠብቁታል። «እጁ የእኔ ነው» ካለ፣ ከጎኑ ሆነው እስከ ጠባቂዎቹ ጣቢያ በእግራቸው ይሸኙታል፤ የጂሎ አቤቱታ ያለባቸውን ሦስቱን የመዝገብ ገጾችም ይዤ እንድከተላቸው ነግረውኛል። ዝም ካለ ግን፣ ሻዩ እንደፈላ፣ ስሙን ራሳቸው ይጠሩታል።