ከሹፌሩ ኋላ፣ በቀኝ በኩል

አብዱልሀፊዝን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። የስልጤ ሰው ነው፤ ጆሃንስበርግ አጠገብ ዳቬይተን በምትባል ሰፈር ውስጥ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ በብረት ፍርግርግ የታጠረች ስፓዛ አለችው። ስፓዛ የምንላት እንግዲህ የሰፈር ሱቅ ናት። ዳቦና ወተት ይሸጣል፣ ሲመሽ እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ይተኛል። ወደዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዓመት ሳዑዲ ሹፌር ነበር። ወሬ ከተነሣ ከሪያድ እስከ ጣኢፍ ያለውን በረሃ፣ ከጣኢፍ በሐዳ ተራራ የሚወርደውን ቁልቁለት ኩርባ በኩርባ ያወራላችኋል። ዕቃ ላወርድለት ሄጄ ይህን ወሬ ሳልሰማ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ልጁን ሙርሺዳን ግን አያውቃትም ማለት ይቀላል። ሳዑዲ ሲሄድ ጡት አልጣለችም ነበር። እሱ ከዚያ ወደ ጆሃንስበርግ ሲያልፍ እሷ አድጋ በተራዋ ሪያድ ሰው ቤት ገባች። ስልክ ሲደዋወሉ "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" ይባባላሉ፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

ኮሮና በገባ በመጀመሪያው ሐምሌ፣ እዚህ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ አሠሪዎቿ አሰናበቷት። ከጅዳ ወደ አገር ቤት በሚነሣ ልዩ በረራ ቦታ አገኘች። እሷን ከመሰሉ ሴቶች ጋር ሚኒባስ ተከራዩ። ያን ጊዜ ደወለችለት።

"አባባ፣ እኔ ገደል እፈራለሁ። መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ። የት ልቀመጥ?"

"ከተወለደች ጀምሮ የጠየቀችኝ ይህንን ብቻ ነው" አለኝ አብዱልሀፊዝ፣ ፊቱ በርቶ። "'ከሹፌሩ ኋላ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጪ። ተራራውን ተደግፈሽ ትወርጃለሽ፣ ገደሉን አታዪም' አልኳት።"

የጉዞዋ ቀን ዕቃ ላደርስ ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ስልኩን ሚዛኑ ላይ አስደግፎታል። በረሃው ላይ ሳለች የድምፅ መልእክቷ በላይ በላዩ ይገባል።

"አባባ፣ ግመሎች! ጠባቂ የላቸውም።"

"ባለቤት አላቸው፣ የጠፉ እንዳይመስሉሽ። ጥቁር ድንጋይ ሲመጣ ንገሪኝ፣ ጣኢፍ ቀረበ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ዝንጀሮዎቹን እይልኝ።"

በመሐል አንድ ጎረምሳ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ በፍርግርጉ አጮለቀ። "ማይ ፍሬንድ፣ ሲጋራ?"

"ለኮሮናው ብሎ መንግሥት ከልክሏል" አለው አብዱልሀፊዝ ዙሉና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ።

"ለኔም?"

"ላንተማ አጥብቆ ነው የከለከለው!"

እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

"ጣኢፍን አለፍን፣ ቁልቁለቱን ልንጀምር ነው" አለች። ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ።

እኔም ልሂድ ብዬ ወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ልነሣ ስል ከፍርግርጉ ኋላ ጮኸ።

"ለገሠ! መሪህ በየት በኩል ነው?"

"በቀኝ ነዋ፤ ዛሬ ገና አየኸው?"

ብረቱን ይዞ ቀረ። "እዚያ እኮ ሹፌሩ በግራ ነው። በግራ! በቀኝ ያለው ገደሉ ነው።"

ይህን ያህል ዓመት የዚህን አገር መኪና ሲያይ ኖሮ፣ ለካ ትዝታው ውስጥ ያለውም መኪና መሪውን አዙሮ ኖሯል። ደወለ፣ አይጠራም። ደገመ።

"ከሹፌሩ ኋላ ብለሃት የለ?" አልኩት። "ሹፌሩን አይታ ትቀመጣለች።"

"በቀኝም ብያታለሁ። የቱን ትያዝ? ደንግጣ አውርዱኝ ብትልስ? አውሮፕላኑ አይጠብቃት።"

መኪናውን አጥፍቼ ተመለስኩ። እሱ መደወሉን ቀጠለ። በመጨረሻ መልእክቷ ገባ። የንፋስ ድምፅ አለው፣ ሴቶች ይሳሳቃሉ።

"አባባ፣ ወረድን፣ አልሐምዱሊላህ። እንዳልከኝ በቀኝ ተቀመጥኩ። ገደሉ ከጉልበቴ ሥር ነበር! አንዲት ሴትዮ 'ልጄ፣ ቦታ ልቀይርሽ' ብትለኝ 'አባቴ መንገዱን ያውቃል፣ በቀኝ ብሎኛል' ብዬ እምቢ አልኳት። እጄን ይዛልኝ እያለቀስኩ ወረድኩ። ዝንጀሮዎቹን ግን አየሁልህ፤ ልጆቻቸውን አዝለው መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል።"

አብዱልሀፊዝ ማስኩን ወደ ላይ ሳበው፤ ዓይኑን ሸፈነው።

"ተሳስቼ ነው በላት እንጂ" አልኩት ቀስ ብዬ።

ስልኩን አንሥቶ መቅጃውን ተጫነ። "ሙርሺዳ፣ እኔ..." ብሎ ተወው፣ አጠፋው። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አጠፋ። ውጭ አንዲት አሮጊት በሳንቲም ብረቱን ትቆረቁራለች፤ ዳቦ ፈልጋ ነው።

ሦስተኛውን ላከው።

"የኔ ልጅ፣ የሴትዮዋን እጅ እስከ ጅዳ እንዳትለቂ።"

ከዚያ ተነሥቶ ዳቦውን በፍርግርጉ ቀዳዳ አሳለፈ።