ልብ ቆራጩ

የእህቴን ባል በአረቄ ፋብሪካው በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ «አፍንጫው» ነው የሚሉት። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ሥራው ልብ መቁረጥ ነበር፤ የሚቆርጠውም በአፍንጫው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንስሱ ሲደርስ ትልቁ የመዳብ ጋን ውስጥ ይገለበጥና ከሥሩ እሳት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ በረጅሙ አንገት ወጥቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተጠመዘዘው ቱቦ አልፎ፣ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወርደው «ራስ» ይባላል፤ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ይሸታል፤ መርዝ ነው፣ ይደፋል። መጨረሻ የሚወርደው «ጭራ» እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ሰው የሚጠጣው መሐል ያለውን «ልብ» ነው። ራሱ አልቆ ልቡ ሲጀምር፣ ልቡ አልቆ ጭራው ሲመጣ ለይቶ ማስቀመጫውን የሚቀይረው ሰው ቆራጭ ይባላል። ቆራጩ ከቸኮለ ጠጪው ራሱን ይዞ ያድራል፤ ከዘገየ ደግሞ የፋብሪካው ባለቤት ራሱን ይይዛል።

ጋሼ (እኔ እንዲያ ነበር የምጠራው) በዚህ ሥራ ወደር አልነበረውም። ከወይን የሚወጣው ብራንዲ፣ ከሸንኮራ ዝቃጭ የሚወጣው ሮም፣ ከብቅል የሚወጣው ዊስኪ እያንዳንዳቸው የሚቆረጡበት ቦታ የተለያየ ነው። «ዊስኪ ትንሽ ጭራ ቢቀላቀልበት ግድ የለም፤ በርሜል ውስጥ ዓመታት ሲተኛ እንጨቱ ያርመዋል» ይለኝ ነበር። «ቮድካ ግን ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመሽ ነው የምታጣሪው። ጂን ደግሞ ያው ቮድካ ነው፤ የጥድ ፍሬ ሽታ አበድረውት እንጂ።»

እህቴ ጠጪ ነበረች። ይህን ለማለት አላፍርም፤ እሷም አትደብቀውም ነበር። ጥርሷን ነክሳ ነው የተወችው። እሷም ትሠራበት ከነበረው ከዚሁ ፋብሪካ ወጥታ ቤቷ መስኮት ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋን ተከለች፤ ባሏንም ከሥራ ሲመለስ ቱታውን ውጭ ሚስማር ላይ ሳይሰቅል አታስገባውም። ለመውደቅ ሽታው ብቻ ይበቃኛል ትል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጋሼን ኃይለኛ ጉንፋን ጣለው። ጉንፋኑ ሲለቀው አፍንጫውንም ይዞት ሄደ። ሐኪሙ «ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» አለው። ጋሼ ለሚስቱ፣ «ለኔ አሁን ሁሉም ቮድካ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። የፋብሪካው ባለቤት ቢያውቅ በነጋታው እንደሚያሰናብተው ታውቀዋለች። በዚህ ዕድሜው ሌላ ምን ሥራ ይዞ ቤቱን ያኖራል?

እና ለመናት። አፍንጫዬ ሁኚልኝ አላት።

«ማሽተት ብቻ አይበቃም እኮ» አለችው። «ምላስ ላይ ማስነካት አለ።»

«ትተፊዋለሽ። መዋጥ የለም።»

እህቴ ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ እሱ ለራሱ ሲል አንቺን ገደል ይክተትሽ?» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ፤ «እኔ ስወድቅ ያነሳኝ ማን ሆነና?» እውነቷን ነበር።

ጠርሙስ አጣቢ ተብላ ተቀጠረች። በርጩማዋ ከቱቦው አጠገብ ነበር። ልቡ ሲጀምር ትስላለች፤ ጋሼ ማስቀመጫውን ይቀይራል። ጭራው ሲመጣ ደግማ ትስላለች። ሠራተኞቹ «ኧረ አፍንጫው፣ ሚስትህን ሐኪም ቤት ውሰዳት!» እያሉ ያዝኑላት ነበር። ልቡ ጠብታ ሳይቀር ይለካል። ራሱ የሚደፋበትን፣ እግሯ ሥር ያለውን ሰማያዊ ጀሪካን ግን የሚለካው የለም።

እኔ እዚያው ፋብሪካ ሌላ ክፍል ነኝ፤ ጠርሙስ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። እየከሳች መሄዷን አይቻለሁ፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት እንዳቃታትም አይቻለሁ። ጋሼን ስጠይቀው «ደክሟት ነው» ይለኛል። ማጣሪያው ክፍል እንደሆነ ግድግዳው ሳይቀር አረቄ አረቄ ስለሚል ማን ማንን ይጠረጥራል?

አንድ ከሰዓት ካርቶን ልወስድ ስገባ፣ ጋሼ እጁን ቧንቧው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሳሏን እየጠበቀ ነው። ከቱቦው ይወርዳል፣ እሱ ይጠብቃል። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ አፏን ከፍታለች። የፋብሪካው ባለቤትም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «አፍንጫው፣ ምን ነካህ? ልቡ እኮ እየተደፋ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሮጬ ያዝኳት። ሽታው ፊቴን ገረፈው። «ጋሼ፣ ሰክራለች!»

«አልጠጣችም» አለ ቆፍጠን ብሎ። «ብትጠጣ ይሸተኝ ነበር።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ተንበረከከና አፍንጫውን አፏ ላይ አድርጎ ሳበ። ደግሞ ሳበ። ባለቤቱ ተጠግቶ ያየዋል፤ ሠራተኞቹም ሥራቸውን አቁመዋል። አፍንጫው እንደማይሠራ የገባቸው ያኔ ነው፤ እሱ ግን ከቁብም አልቆጠራቸውም።

«ምን ይሸታል?» አለኝ እንደ ሕፃን እያየኝ። «ንገሪኝ። ልቡ ነው?»

ልዋሸው አፌን ከፍቼ ነበር። አልሆነልኝም።

«የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

እጇን አንስቶ ጣቶቿን አያቸው። እህቴ በዕድሜዋ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም።