አለው ያልኳት ዩኒቨርሲቲ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን ስናበቃ ጓደኛዬ ወደ አምባሰል ወጣች፤ እኔ ሐይቅ ቀረሁ። እኛ ግቢ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ለዓመታት አብረን የተማርን ነን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ ሥጋችን ባይገናኝም ሽሯችን አንድ ነበር። ከአገሯ ስንቅ ተሸክማ ስትመለስ እናቴ ገና ከበር እግሯን ታያለች፤ ዳገቱ ልጄን ጎዳብኝ እያለች።

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የእንስሳት ሕክምና መማር። የአባቷ በሬ ሲታመም እዚያ ዳገት ድረስ የሚወጣ ሐኪም ጠፍቶ፣ በሬው ራሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ ሞተ። ይህን ስታወራ አታለቅስም፤ ትቆጣለች እንጂ። እኔ ምን እንደምማር እንኳ አላውቅም ነበር። የማውቀው ብቻዬን መሄድ እንደምፈራ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ሰሞን መጣ። በእነሱ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው አፋፉ ላይ ተወጥቶ ነው። ከዚያ ደወለችልኝና በስልኬ እንድሞላላት የመለያ ቁጥሯን ነገረችኝ። ነፋሱ ድምጿን ይዞት ይሄድ ነበር።

«ሩቅም ይሁን ግድ የለኝም» አለችኝ። «ብቻ የከብት ሕክምና ያለበት መሆኑን አይተሽ ሙዪልኝ።»

አየሁ። ወላሂ አይቻለሁ። ትምህርቱ ያለባቸው ሁሉ ሩቅ ነበሩ፤ እኔን ደግሞ እናቴ ከቅርብ በቀር እንደማትለቀኝ ምላለች። በእኛ ትምህርት ቤት የሚዋደዱ ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ዝርዝር ይሞላሉ፤ ለብቻው የሞላ እንደ ከዳተኛ ይታያል። እኔም የራሴን ዝርዝር እንዳለ ለእሷ ገለበጥኩላት። መልሳ ደውላ የመጀመሪያው ምርጫ ትምህርቱ አለው ወይ ስትለኝ፣ አለው አልኳት። እመቤቴ ትስጥሽ ብላ መረቀችኝ።

አንድ ላይ ደረሰን። የመጀመሪያው ዓመት በደስታ አለፈ፤ አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠን የከብት ሐኪም ስትሆን የት እንደምትሠራ እናወራ ነበር። አብሬ አወራ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የትምህርት ክፍሎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ሰርዘውት ይሆናል» አለችኝ።

«ይሆናል» አልኳት።

የመጀመሪያውን ውሸት ልጅነት ነው ብዬ አልፈው ይሆናል። ሁለተኛውን ግን አጠገቧ ቆሜ፣ ዓይኗን እያየሁ ነው የተናገርኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ጭራሽ ባይነጋ ነበር የምመኘው።

ስታቲስቲክስ ደረሳት። ተመርቃ አገሯ ገባች፤ ሒሳብ ታስተምራለች። እኔ ሐይቅ ሥራ ይዣለሁ፣ ወልጃለሁም። የከተማው ከብት ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ገመድ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሳ የምትወጣው ሐኪም የጓደኛዬን ፊት ይዛ ትታየኛለች፤ ሴትዮዋ ግን እሷን አትመስልም፣ በዕድሜም ትበልጣታለች። አምና ላማቸው ምጥ ጠንቶባት ጓደኛዬ ከዚያው አፋፍ ደወለችልኝ። የሐኪም ስልክ ፈልጊልኝ ነበር ያለችው፤ ያው ነፋስ ይሰማል። ፈልጌ ሰጠኋት። በማግስቱ ስጠይቃት ላሟም ጥጃውም እንደሞቱ ነግራኝ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። አላህ ይተካ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ዘንድሮ ታናሽ እህቷ ፈተናውን አልፋ ቤቴ መጣች። አዋላጅ መሆን ነው የምትፈልገው፤ የላከቻት እህቷ ናት። ደስ አለኝ፤ ይህችን እንኳ በትክክል ልሙላላት፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል አልኩ። ቁጥርሽን አምጪ፣ እኔ እሞላልሻለሁ አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «እህቴ ‹ሂጂ፣ እሷ ታሳይሽ። አለው ስትልሽ ግን ራስሽ አንብቢው› ብላኛለች።»

እህቷ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት። ስልኩን በእጇ ሰጠኋት።